ሁሉን አስቀድመው የሚያውቁት ሚስተር ሩድ እና የተዘጋው ባንካችን

ሚስተር ኢንግቫልድ ሩድን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኋላቸው ተቀምጬ ማጅራታቸውን አጥንቻለሁ፤ ፊታቸውን ቀና ብዬ ያየሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰው ሰላም ለማለት እንኳ ቤቴ ተለማምጄ የምወጣ ሰው ነኝ።

ያም ሆኖ፣ ነገር ከሆነ በኋላ «ብዬ ነበር» የሚል ሰው የሌለበት ከተማ እግዜር አልፈጠረም። የእኛው ሚስተር ሩድ በሙያቸው ኮርቻና ልጓም ጠጋኝ፣ በማዕረጋቸው ግን የመላው ደቡብ ዳኮታ ግዛት ሊቀ ነቢያት ናቸው። የኔልሰን ጎተራ ሲቃጠል «ብዬ ነበር» አሉ። አንበጣ ስንዴውን ሲጨርሰውም አሉ። የቄሱ ሚስት መንታ ስትወልድም አሉ፤ ቄሱ ትንሽ ቅር አላቸው።

ባለፈው ጥቅምት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የከተማችን ብቸኛ ባንክ በር ላይ «ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ሕዝቡ ተሰብስቦ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ። ሚስተር ሩድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ብዬ ነበር።»

«መቼ ነው ያሉት?» አለቻቸው ዕንቁላል ነጋዴዋ ጉድሩን ሊየን። የባንክ ደብተሯን በብብቷ ይዛለች።

«በሆዴ።»

«ታዲያ እዚያው ሆድዎ ውስጥ ቢተዉት ምን ነበረበት?»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ እዚያ ባንክ ውስጥ የተቀመጠው ጥርሴ ነበር። የቀሩኝ ስድስት ናቸው፤ እነሱም እርስ በርስ አይገናኙም። ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማስተከል ሁለት ዓመት ገንዘብ ሳጠራቅም ነበር፤ አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።

በዋዜማው፣ ሰኞ ዕለት፣ ባንኩ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሰምቼ ገንዘቤን ላወጣ ሄጄ ነበር። ግን መስኮቱ ላይ የቆሙት ባለ ባንኩ ሚስተር ሆልቴ ራሳቸው ናቸው፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመሩልን ሰው። እሳቸው ፊት ገንዘብ ማውጣት እኛ ዘንድ «አላምንዎትም» ብሎ ፊት ለፊት እንደ መናገር ነው።

«ልታስገባ ነው?» አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«አዎ» አልኩ። ኪሴ ውስጥ የነበረችውን አራት ዶላር ጨምሬ ወጣሁ። ከሚሰምጥ ጀልባ ሊወርድ ሄዶ ሻንጣውን የጫነ ሞኝ በዓለም ላይ እኔ ብቻ መሰልኩኝ።

ቆይቶ መንግሥት አጣሪ ላከ፤ ከባንኩ የቀረውን ንብረት ሸጦ ለሁላችን እንደ ድርሻችን ሊያካፍል። ሁሉም ደብተሩን ይዞ ራሱ ይቅረብ ተባለ። ተሰለፍኩ፤ ከፊቴ ያው የማውቀው ማጅራት ነበር።

«ከዶላሩ ሠላሳ ሳንቲም ከደረሰን ተመስገን ነው» አለ አንዱ።

«ብዬ ነበር» አሉ ሚስተር ሩድ።

ተራቸው ደረሰ። አጣሪው የደብተራቸውን የመጨረሻ መስመር ጮክ ብሎ አነበበ። «ሰኞ። ገቢ፣ አሥራ አምስት ዶላር።» መነጽሩን ዝቅ አደረገ። «ባንኩ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው?»

ማጅራታቸው እንደ ቀይ ሥር ቀላ። ሊቀ ነቢያቱ ደብተራቸውን ኪሳቸው ከትተው ወጡ።

የእኔን ጨርሼ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ዳቦ ከኪሳቸው ያወጣሉ። ጥያቄዬን በልቤ ሦስት ጊዜ ተለማመድኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሚስተር ሩድ፣ እንደሚዘጋ ካወቁ፣ ሰኞ ለምን አስገቡ?»

ከመንገዱ ማዶ ሚስተር ሆልቴ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ያልፋሉ። ሰላም የሚላቸው የለም። ሚስተር ሩድ ከተቀመጡበት ተነሥተው ለሰላምታ የራሳቸውን ባርኔጣ አነሡላቸው፤ ሰውየው ጥጉን ዞረው እስኪሰወሩም አልተቀመጡም።

ከዚያ ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ። ዳቦውን ቆርሰው ቅርፊቱን ለራሳቸው አስቀሩና፣ ለስላሳውን መሃሉን ለስድስቱ ጥርሶቼ ሰጡኝ።