የሟቾች ቅርጫት በየት በኩል ነው?

[ላዳክ። ዳገት አናት ላይ ወደተቀመጠ የቡድሃ ገዳም የሚወጣ የድንጋይ መንገድ፣ በዳሩ ጸሎት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች የተደረደሩበት ረጅም ካብ። ሞሩፕ ቱሪስት የሚጭን ሾፌር ነው። ቱንዱፕ ገብስ ዘሪ ገበሬ ነው፤ የእህቱ ባል ስለሆነና በዕድሜም ስለሚበልጠው ሞሩፕን «አቾ» ይለዋል፣ ጋሼ እንደማለት። የቱንዱፕ ሚስት ከሞተች ዛሬ አርባ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። እስከ እኩለ ቀን ስሟ ገዳም ውስጥ ካልተነበበላት፣ ዳግመኛ የምትወለድበትን መንገድ ሳታገኝ ትቀራለች።]

ሞሩፕ፦ ካቡን በቀኝህ አድርገህ ነው የምታልፈው! ስንት ጊዜ ልንገርህ?

ቱንዱፕ፦ በቀኜ ነው እኮ ያለው።

ሞሩፕ፦ በግራ ነው! ዓይን የለህም?

ቱንዱፕ፦ በግራ የሆነው ላንተ ነው፣ አቾ። ፊትህን ወደኔ አዙረህ የኋሊት ስለምትሄድ።

ሞሩፕ፦ አስጎብኚ እንዲህ ነው የሚሄደው! ፊቱን ለሰው፣ ጀርባውን ለገዳሙ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይ የኖርኩት ነው።

ቱንዱፕ፦ ከኋላህ ደረጃ አለ።

ሞሩፕ፦ ደረጃ መኖሩን አንተ ልትነግረኝ? መቶ ስምንት ደረጃ ነው። ቁጥሩ ራሱ ትርጉም አለው። (ተደናቅፎ በቂጡ ይቀመጣል።)

ቱንዱፕ፦ ተጎዳህ?

ሞሩፕ፦ ... መቶ ዘጠኝ። አንዱን በቅርብ ጨምረውት ነው።

[ቱንዱፕ እጁን ይዞ አነሳው፤ ከዚያም ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ነገር አላየም ማለት ይቻላል።]

ቱንዱፕ፦ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ልትወጣ ነው። ጠዋት ስሟን ለሰፈራችን ገዳም ሰጥተን ቢሆን ኖሮ ...

ሞሩፕ፦ የሰፈራችን ገዳም! ያም ገዳም ተብሎ! አምስት መነኩሴ፤ አንዱ ደንቆሮ፣ አንዱ ሳል የማይለቀው፣ ሁለቱ መጽሐፉ ላይ የሚያንቀላፉ።

ቱንዱፕ፦ አንዱ ቀረ።

ሞሩፕ፦ እሱ ምግብ አብሳይ ነው! ለእንዲህ ያለ ቀን ድምፅ ያስፈልጋል። እዚህ ስድሳ መነኩሴ አለ። መለከቱ ብቻ የአንድ መኪና ርዝመት አለው።

ቱንዱፕ፦ እሷ ደንቆሮውን ትወደው ነበር። ቅቤ ስትወስድለት አይመርቃትም፤ ዝም ብሎ ይስቅላታል።

ሞሩፕ፦ እና በሳቅ ነው የሚሸኛት?

ቱንዱፕ፦ እኔ አላውቅም።

ሞሩፕ፦ አታውቅማ! ለዚህ ነው እኔ አብሬህ የመጣሁት።

ቱንዱፕ፦ ጠዋት መጀመሪያ የወሰድከኝ ገዳም ተቆልፎ ቆየን።

ሞሩፕ፦ ቁልፍ ያዡ ገብስ ሊያጭድ ወንዝ ቢወርድ የኔ ጥፋት ነው?

ቱንዱፕ፦ አይደለም። ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ በሩ ነገርከኝ።

ሞሩፕ፦ ስድስት መቶ ዓመት የሞላው በር!

ቱንዱፕ፦ የተቆለፈ በር።

ሞሩፕ፦ ሁለተኛው ክፍት ነበር። እሱን አታነሳም!

ቱንዱፕ፦ መነኮሳቱ ሁሉ የጭንብል ጭፈራ እየተለማመዱ ነበር፤ የሚያነብ ጠፋ። አንተ ጣሪያ ላይ አውጥተህ ፎቶ የሚነሱበትን ቦታ አሳየኸኝ።

ሞሩፕ፦ ያን ቦታ ለማየት ፈረንጅ ይሞታል፣ ታውቃለህ?

ቱንዱፕ፦ የኔዋ ሞታለች እኮ፣ አቾ።

[ጥቂት ደረጃ ወጡ። ሞሩፕ አየሩን አሸተተ።]

ሞሩፕ፦ ብብትህ ስር የወሸቅከው ምንድነው? ከጠዋት ጀምሮ ይሸተኛል።

ቱንዱፕ፦ ቅቤ ነው። ለመብራቱ።

ሞሩፕ፦ (ጨርቁን ገለጥ አድርጎ) የቤት ቅቤ! ፀጉር አለበት!

ቱንዱፕ፦ የላሚቱ ነው።

ሞሩፕ፦ የማን እንደሆነ ጠየቅኩህ? በዚህ ዘመን በቆርቆሮ የታሸገ ዘይት አለ፤ አይሸት፣ አያጨስ። አንተ ፀጉራም ቅቤ ታቅፈህ ትመጣለህ። የሚያውቀኝ ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?

ቱንዱፕ፦ እሷ የገፋችው ነው። የመጨረሻው። ግማሹን ለሻይ አድርጌዋለሁ፤ ከጨው ጋር አፍልቼ ጠጣሁት።

ሞሩፕ፦ ለሻይ! የሷን ለሻይ!

ቱንዱፕ፦ የመጨረሻው መሆኑን አላወቅኩማ።

[ግቢው ደረሱ። የጸሎቱ አዳራሽ ደጃፍ ላይ፣ ከበሩ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ቅርጫቶች ተቀምጠዋል፤ በሁለቱም ውስጥ ስም የተጻፈባቸው ወረቀቶች አሉ። አንደኛው ቅርጫት ረጅም ዕድሜ ለሚለመንላቸው ሕያዋን ነው፣ ሌላው ለሟቾች። ራቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ የነሐስ መብራቶች ይወለውላል፤ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ ተንጠልጥሏል።]

ሞሩፕ፦ ወረቀት አምጣ። አንተ መጻፍ አትችልም። እንግዲህ ስሟ ...

ቱንዱፕ፦ እንዳትጠራት! ከተጠራች መንገዷን ትታ ዞራ ታያለች!

ሞሩፕ፦ ልጽፍ ነው እንጂ ልጠራ ነው? ያዝ፣ ይኸው፤ ስምና መንደር። ቅባታም ጣትህን አሳርፍበት አሉህ? አቆሸሽከው! ከመጣሁ አይቀር እኔም ለራሴ ልጻፍ። ጉልበቴን እያመመኝ ነው፤ ረጅም ዕድሜ ቢለመንልኝ አልጠላም። «ሞሩፕ፣ የጊያሮክ መንደር።» አለቀ።

ቱንዱፕ፦ የሟቾች ቅርጫት የትኛው ነው?

ሞሩፕ፦ አየህ፣ ድንቁርና ማለት ይሄ ነው። ውስጥ ስንት ሐውልት አለ?

ቱንዱፕ፦ አላየሁም።

ሞሩፕ፦ ሦስት! በግራ ያለፈው ዘመን ቡድሃ፣ መሐል የአሁኑ፣ በቀኝ የሚመጣው። የሞተ ሰው ምንድነው? ያለፈ! ስለዚህ ግራ። እኔ ገና ብዙ የሚመጣ ዘመን አለኝ፤ ቀኝ።

ቱንዱፕ፦ እሷ ግን ገና ልትወለድ አይደል? እሷም የሚመጣ ነገር አላት።

ሞሩፕ፦ እዚህ ያመጣሁት የጀርመን ፕሮፌሰር እንኳ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም! ምክንያቱም የተማረ ነው!

ቱንዱፕ፦ እኚያን አባት ልጠይቃቸው?

ሞሩፕ፦ ጠይቀህ ልታዋርደኝ? ሦስት መቶ ጊዜ መጥቻለሁ እዚህ!

ቱንዱፕ፦ ሦስት መቶ ጊዜ ገብተህ ታውቃለህ?

ሞሩፕ፦ መኪናውን ማን ይጠብቅ?

[የሷን ወረቀት በግራው፣ የራሱን በቀኙ ጣለና፣ ሸለቆው በደንብ የሚታይበትን ቦታ ፍለጋ ወደ ግቢው ጥግ ሄደ። ቱንዱፕ ቅርጫቶቹን አየ፤ ፀሐይዋን አየ። ሰው እንደ ቂል ቢያየው ምን ይጎድልበታል? ወደ ሽማግሌው ሄዶ ጎንበስ አለ።]

ቱንዱፕ፦ አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ ነገር አይገባኝም። የሟቾቹ የትኛው ነው?

መነኩሴው፦ ቀኙ።

ቱንዱፕ፦ ቀኙ? ስለሚመጣው ዘመን ነው?

መነኩሴው፦ የምን ዘመን? የሟቾቹ ወረቀት ተነቦ ሲያልቅ ይቃጠላል። ምድጃው በቀኝ በኩል ነው ያለው። ወገቤን ያመኛል፤ ቅርጫት ተሸክሜ አዳራሹን አልዞርም።

[ቱንዱፕ ወደ ግራው ቅርጫት ሮጠ። ማንበብ ባይችልም የገዛ ጣቱን የቅቤ አሻራ አላጣውም። ወረቀቷን አውጥቶ በቀኙ ቅርጫት፣ ከሁሉ በላይ አስቀመጠው። እዚያው፣ ጥጉ ላይ፣ ሞሩፕ አሁን የጣለውን ወረቀት አየ።]

ቱንዱፕ፦ (እየተጣራ) አቾ! ያንተ ወረቀት ...

ሞሩፕ፦ (ከጥግ፣ ሳይዞር) እንዳትነካው!

ቱንዱፕ፦ አባ እንዳሉት ከሆነ ግን ...

ሞሩፕ፦ ወረቀቴን እንዳትነካ አልኩህ! በዚያ ጣት!

ቱንዱፕ፦ ከሟቾቹ ጋር እኮ ...

ሞሩፕ፦ አንድ ቃል ብትጨምር በእግርህ ነው የምትመለሰው!

መነኩሴው፦ ምን አስጮኸው?

ቱንዱፕ፦ ያውቃል፣ አባ። የሚያውቀው ነገር ይኖረዋል።

[መነኩሴው ቅቤውን ተቀበለው። ፀጉሩን አየ፤ በአንድ መብራት ሞልቶ ለኮሰው። ከዚያ ሁለቱን ቅርጫቶች በየጎናቸው እየገፋ ገባ። ከበሮ ተመታ። ሟቹን በስሙ ጠርቶ መሞቱን የሚነግረው ንባብ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ስም የሷ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ተጠራ። ቱንዱፕ አልዞረም፤ እሷም እንዳትዞር ብሎ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ፈታ፣ መልሶ አሰረው። ሞሩፕ እጁን እያራገፈ ሲመጣ ሌሎች ስሞች እየተነበቡ ነበር። መነኩሴውም ወጥቶ መወልወሉን ቀጥሏል።]

ሞሩፕ፦ ሰማህ? ድምፅ ማለት ይሄ ነው! የሰፈራችን ደንቆሮ እንዲህ ያነባል?

ከውስጥ የሚመጣ ድምፅ፦ የጊያሮክ መንደር ሰው ሞሩፕ ሆይ!

ሞሩፕ፦ የኔ ነው! ዝም በል፣ ዝም በል፣ ረጅም ዕድሜዬን ልስማበት!

ድምፁ፦ ሞተሃል።

ሞሩፕ፦ ... ምን አለ?

ድምፁ፦ ሞተሃል፤ ያላወቅከው አንተ ብቻ ነህ። ትናገራለህ፣ የሚሰማህ የለም። ታስረዳለህ፣ የሚመልስልህ የለም። ያለህን ሁሉ ሌላ ሰው ይዞታልና አትቆጣ። ወደ ሚስትህ አትመለስ፤ እሷ ከአሁን ወዲያ ዕረፍት ያስፈልጋታል።

ሞሩፕ፦ ኧረ ስሕተት ነው! አባ! አባ! እኔ አልሞትኩም!

መነኩሴው፦ (መብራቱን እየወለወለ) ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።

ሞሩፕ፦ እዚህ ቆሜ እያነጋገርኩዎት!

መነኩሴው፦ ይቆማሉ። የሞተ ሰው መሞቱን ቶሎ አይቀበልም። በተለይ ብዙ አውቃለሁ ይል የነበረው።

ሞሩፕ፦ ገብተው ወረቀቴን ያውጡልኝ!

መነኩሴው፦ ንባብ አይቋረጥም። ደግሞ እስካሁን ምድጃ ገብቷል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የሞተ ሰው ጥላ የለውም። ያንተ የታለ?

ሞሩፕ፦ (መሬቱን እያየ ይዞራል) ይኸው! ... ይኸው አለ፣ እግሬ ስር!

መነኩሴው፦ ያነሰ አይመስልህም?

ሞሩፕ፦ እኩለ ቀን ስለሆነ ነው! ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ ያጥራል! ይሄ በሳይንስ የታወቀ ...

መነኩሴው፦ ምክንያትም አያጡም።

ሞሩፕ፦ ቱንዱፕ! ምን አፍህን ዘግተህ ታየኛለህ? መስክርልኝ እንጂ! አለ በላቸው!

[አዳራሹ ውስጥ የምሳ መለከት ተነፋ። የሷ ስም በጊዜው ተነቧል። ቱንዱፕ ከተቀመጠበት ሳይቸኩል ተነሳ።]

ቱንዱፕ፦ አለ፣ አባ።

መነኩሴው፦ በምን አወቅክ?

ቱንዱፕ፦ እኔ እንኳ ብዙ ነገር አላውቅም። ግን አርባ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳህኗን በቦታዋ አቀረብኩ። ሻይዋን ቀዳሁ። ጨው በዝቷል፣ ጨው አንሷል፣ አንድ ቀን አላለችኝም። የሞተ ሰው ዝም ነው የሚለው።

መነኩሴው፦ እና ይሄኛው?

ቱንዱፕ፦ (ሞሩፕን ከእግር እስከ ራሱ አይቶ፣ ትንፋሹን ለቀቅ አድርጎ) ይሄኛው በሕይወት አለ፣ አባ። ምን ይደረጋል።