አቶ ይገዙና የኮንየርሱ ቡራቡሬ ፈረስ

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተሰበሰበበት ሁሉ አንደኛው፣ ዓለምን የጀመርናት እኛ መሆናችንን የሚያስረዳ ሰው ነው። ይህ ሕግ አይሻርም። ሁለቱ ሰልችቷቸው ቢሄዱ እንኳ ሰውየው አራተኛ ሰው ፈልጎ ያስረዳል። በአትላንታ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አቶ ይገዙ ናቸው፤ በሥራ የመሐል ከተማ ፓርኪንግ ተቆጣጣሪ፣ በመኖሪያ የሊቶኒያ ሰው፣ በማዕረግ የዓለም ነገር ሁሉ ባለርስት።

አቶ ይገዙ ሲናገሩ አይጮኹም። የጠፋች ፍየሉን ጎረቤት ግቢ ውስጥ ያገኘ ሰው በሚናገርበት የረጋ ድምፅ «ይሄ እኮ የኛ ነው» ይላሉ። የደቡብ አሜሪካኖች ለቁርስ የሚበሉት ግሪትስ የቀረበላቸው ዕለት አንዴ ቀመሱና ገንፎ መሆኑን፣ ያውም በደንብ ያልተማሰለ ገንፎ መሆኑን አረጋገጡ። ዱሉዝ ካለው የኮሪያ ገበያ ኪምቺ የሚሉትን በበርበሬ የተቦካ ጎመን ቀምሰው፣ ለኮሪያ የዘመቱት ወታደሮቻችን አዋዜ ትተውላቸው እንደተመለሱ ለሻጯ ነገሯት። አራት መኪና ከአራት አቅጣጫ መጥቶ በተራ የሚያልፍበት ፎር ዌይ ስቶፕም የተወሰደው ከኛ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች በር ላይ ተገናኝተው «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ ያየ አንድ ፈረንጅ ቀድቶት ሄደ። ኢንሹራንስ ዕድር ነው፤ ድንኳኑን ብቻ ረስተውታል። ጎረቤታቸው አቶ ክፍሌ አንድ ቀን ሊያጠምዷቸው ፈልገው ስለ ሮኬት ቢጠይቋቸው፣ አቶ ይገዙ ጥቂት አሰብ አደረጉና «ሐሳቡ የኛ ነው፤ ነዳጁ ነው የነሱ» ብለው ነገሩን ዘጉት።

ሰው ይስቃል። ስቆም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጃቸው ሚካኤላ ግን የምትሄድበት ሌላ ቤት አልነበራትም።

አባቷ ሊናገሩ ሲሉ ታውቃለች። መጀመሪያ ኮሌታቸውን ያስተካክላሉ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ጠጋ ይላሉ። ያኔ እሷ ሽንት ቤት ገብታ መደበቅ ያምራታል። ከዩኒቨርሲቲ በተመረቀች ዕለት አባቷ የዲኑን እጅጌ በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ የለበሱት ካባ ከማን አገር እንደመጣ ሲያብራሩላቸው፣ ፎቶ ሊነሣ የተሰለፈው ተመራቂ ሁሉ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ፎቶው እስከ ዛሬ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። ዲኑ ፈገግ ብለዋል፣ አቶ ይገዙ ኮርተዋል፣ ሚካኤላ ዐይኗን ጨፍናለች።

እንግዲህ ይህች ልጅ አድጋ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረች፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ የፈረስ ሥራ ሆነ። ሚስተር ሎቭል የሚባሉ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ኮንየርስ አጠገብ ለየት ያለ የፈረስ ዘር እያረቡ ይሸጣሉ። ሰውየው ሮማኒ ናቸው፤ ቤቱ ሠረገላ፣ ቀዬው መንገድ ሆኖ ከኖረ ሕዝብ የተወለዱ። ይህ ሕዝብ አንድ መንደር ዳር ሲያርፍ የመንደሩ ሰው በሩን ይቆልፋል፣ ዶሮውን ያስገባል። ፈረሱን ግን ቆሞ ያየዋል።

ሚካኤላ ሁለት ወር አንብባ ስለ ፈረሱ ዐሥራ ሁለት ገጽ ብሮሹር ጻፈች። ሮማኒዎቹ ትልልቁን የጭነት ፈረስ ከትንንሹ የተራራ ፈረስ እያዳቀሉ፣ ቤታቸውን ቀኑን ሙሉ ጎትቶ የማይደክመውን እንዴት እንዳገኙ ተረከች። ሌላው ሰው ለእርሻም ለሠራዊትም የናቀውን ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ እነሱ መርጠው እንደወደዱት፣ ከጉልበቱ እስከ ኮቴው የሚወርደው ጠጉር ሲራመድ ቦላሌ የለበሰ እንደሚያስመስለው ጻፈች። ከሁሉ የምትወደው ግን ስለ ጠባዩ የጻፈችውን ነበር። ልጆች በሆዱ ሥር እየተሹለኮለኩ ስለሚጫወቱ፣ የሚራገጥ ፈረስ የቱንም ያህል ቢያምር ከቤተሰቡ ጋር አይከርምም፤ ገበያ ይወጣል። ዘሩም በወረቀት አልተጻፈም። እናቱን፣ አባቱን፣ አያቱን ሽማግሌዎቹ በቃላቸው ይቆጥሩት ነበር።

ፈረሶቹ ለገዢ በሚታዩበት ቅዳሜ አባቷን ይዛ ሄደች። ባትወስዳቸው ይሻል ነበር፤ ነገር ግን ሱፋቸውን ለብሰው፣ ብሮሹሩን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው በር ላይ ቆመው ስታገኛቸው ምን ታድርግ? መኪና ውስጥ አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ አስማለቻቸው። እሳቸውም ዛሬ ጆሮ ብቻ ነኝ አሏት።

ጆሮነታቸው አርባ ደቂቃ ቆየ። አንድ ባልና ሚስት አንዲት ባዝራ ሊገዙ ተቃርበው፣ ሚካኤላ ስለ ዘሩ አመጣጥ እያስረዳቻቸው ነበር። አባቷ ኮሌታቸውን አስተካከሉ። አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ። የባዝራዋን አንገት ዳበስ አደረጉና በሚያውቁት እንግሊዝኛ የኛ መሆኑን ተናገሩ። ፈረሱ ከሰላሌ ተነሥቶ፣ ግብፅን አቋርጦ ነው ሮማኒዎቹ እጅ የገባው፤ የእግሩም ጠጉር የደጋ ብርድ ያበቀለው ነው። ሚስትየው ብሮሹሩን አጠፍ አድርጋ ታዲያ እውነቱ የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። ሚስተር ሎቭል ልጓሙን እንደያዙ ያዳምጣሉ።

ሚካኤላ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መሬት ግን አልተከፈተችም፤ የተከፈተው አፏ ነው።

«ሶሪ፣ አባቴን አትስሙት» አለች በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ስለ ሁሉም ነገር እንደዚህ ነው የሚለው። ፈረስ ኖሮት አያውቅም። ሥራው ፓርኪንግ ነው።»

ባልና ሚስቱ ሳቁ። አቶ ይገዙም አብረው ፈገግ አሉ፤ ኋላ ላይ ያንገበገባት ይህ ፈገግታ ነው። እጃቸውን ከባዝራዋ አንገት ቀስ ብለው አነሡ።

«ልክ ናት። የጻፈችው እሷ ናት» አሉ ለሴትየዋ። «እኔ አላውቅም።»

ሚካኤላ በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜዋ ከአባቷ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ባዝራዋ ተሸጠች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ይገዙ ርስታቸውን ሁሉ ለቀቁ። ግሪትሱን ዝም ብለው ይበላሉ። ፎር ዌይ ስቶፕ ላይ ተራቸው ሲደርስ ያልፋሉ። አቶ ክፍሌ ሆን ብለው ስለ ኮምፒውተር ቢጠይቋቸው «የነሱ ነው» ብለው መለሱ፤ አቶ ክፍሌም ደንግጠው ለወይዘሮ ምህረት፣ ለሚካኤላ እናት፣ ደወሉና ሰውየውን ሐኪም ይያቸው አሉ። ሚካኤላ ዕድሜ ልኳን የለመነችው ዝምታ መጣላት። በሦስተኛው ሳምንት ግን ዝምታው አላስቀምጥ አላት።

ወይዘሮ ምህረት ልጃቸውን ወጥ ቤት አስገብተው አባቷን ምን እንዳደረገቻቸው ጠየቋት። «እማ፣ ኢምባረስ አደረገኝ፣ ላይክ፣ ክላየንቶቼ ፊት» ብላ ጀመረች። የተናገረችውን ቃል በቃል ስትደግመው ድምፅዋ እያነሰ ሄደ። እናቷ አልተቆጡም። ሦስተኛ ክፍል ሳለች የሆነውን ታስታውስ እንደሆነ ብቻ ጠየቁ።

ታስታውሳለች። ቴሌቪዥኑ ስለ አገራችን ረሀብን ብቻ የሚያሳይበት ጊዜ ነበር። በምሳ ሰዓት የክፍሏ ልጆች የተረፋቸውን ዳቦ እሷ ፊት ይቆልሉና «ለኢትዮጵያ» ይሏታል። የረሳችው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

«ቤት መጥተሽ ‹አባዬ፣ ጃማይካኖች ነን በልልኝ› አልሽው» አሉ እናቷ። «አባትሽ ያኔ ወሬኛ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ቡና የኛ ነው ብሎ ነገረሽ። ቀጥሎ ፊደሉን። ቀጥሎ ዘመን መቁጠሪያውን። በየቀኑ አንዳንድ ነገር እየፈለገ ያመጣልሽ ጀመር። ከዚያ እውነተኛው አለቀበት። አንቺ ግን ገና አልተጽናናሽም ነበር።»

ሚካኤላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አፈረች። በዲኑ ካባ፣ በኪምቺው፣ በሮኬቱ ያፈረችው ሁሉ ተደምሮ ይህን አያህልም ነበር። ያቺ ዳቦ የተቆለለባት ልጅ አድጋ፣ ሱፍ ለብሳ፣ አባቷን ለሰው ሣቅ አሳልፋ ሰጠቻቸው።

በማግስቱ ኮንየርስ ሄዳ ሚስተር ሎቭልን ስለዚያ ቅዳሜ ይቅርታ ጠየቀች፤ ስለ አባቷ ሳይሆን ስለ ራሷ። ሽማግሌው አጎንብሰው የአንዱን ፈረስ ኮቴ እየጠረጉ ነበር፤ ቀናም አላሉ። ባለ ሱፉ ሰውዬ ለምን ተመልሶ እንዳልመጣ ጠየቋት።

«ስልሳ ዓመት ሙሉ ሰው ፈረሳችንን ሲመኝ አይቻለሁ» አሉ። «ፈረሱን ይወስዱና እኛን ከበር ይመልሱናል። ይሄ የናንተ ነገር የኛም ነው፣ ዘመድ ነን ብሎ የመጣ ግን አባትሽ ብቻ ነው።»

ሚካኤላ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሊቶኒያ ነዳች። አባቷ ደጅ ላይ ወንበር አውጥተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ልትስም ስታጎነብስ ትከሻዋን ይዘው ከለከሏት።

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለች።

«ፈረሱ የኛ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉ። «መጽሐፍሽን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ግን የሰውን ፈረስ ዘር እስከ አያቱ ስትቆጥሪ ሰማሁሽና፣ ለአንቺም የሚቆጥርልሽ ሰው ይኑር ብዬ ነው።»

እሷም ሚስተር ሎቭል ያሏትን አንድ ቃል ሳታጎድል ነገረቻቸው። አቶ ይገዙ ሁለት ጊዜ አስደገሟት። «ዘመድ አሉ?» ብለው ጠየቁ፤ አዎ አለች። ከዚያም ከወንበራቸው ተነሡ።

«እንግዲያው ቅዳሜ እንሄዳለን። ዘመድ ቤት ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም» አሉ። «ሰውየው ምን ይወዳሉ? ባለቤት አሏቸው? ልጆችስ?»

ሚካኤላ የእያንዳንዱን ፈረስ እናት፣ አባትና አያት በቃሏ ታውቃለች። ሰውየውን ግን ስለ ራሳቸው አንድም ቀን ጠይቃቸው አታውቅም ነበር።