ማህሌት የምትኖረው የት ነው?

ቆይ፣ ሳቄን ልጨርስ! ዋናው ነገር ገና ከኋላ ነው የሚመጣው፤ እሱ ደግሞ እንደዚህ አያስቅም። ሰው የት እንደሚኖር ማወቅ ቀላል ይመስላችኋል? ለእኔማ ቀላል ነበር። ሰው የሚኖረው ጫማውን አውልቆ እግሩን የሚዘረጋበት ቤት ነው፤ አለቀ! ለካ ግብር የሚባል ነገር ሲመጣ እንደዚህ በቀላሉ አያልቅም።

ማህሌት የእህቴ ልጅ ናት፤ ያሳደግኋት ግን እኔ ነኝ። ሥራዋ አንዴ ናይሮቢ፣ አንዴ እዚህ ያመላልሳታል። ታዲያ ሁለቱም አገሮች “ነዋሪነትሽ የኛ ነው፣ ግብርሽን ወዲህ በይ” እንዳይሏት፣ ይህን የሚለይ የሂሳብ ባለሙያ ዘንድ ቀጠሮ እንዳላት በስልክ አመለጣት። ግብር የሚል ቃል ሰምቼ ልጄን ብቻዋን ልተዋት? ከአውሮፕላን ወርዳ በቀጥታ ወደዚያ የምትሄድ መስሎኝ፣ ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ሁለት ታክሲ ይዤ ሩዋንዳ ሰፈር፣ ባለሙያው ቢሮ ደጅ ከተፍ አልኩ። “እትዬ፣ ታች ካፌው ውስጥ ማኪያቶ እየጠጣሽ ጠብቂኝ” ብላ ለመነችኝ። ለማኪያቶ ነው እንዴ የመጣሁት?

ባለሙያው ክራባት ያሰረ ለጋ ልጅ ነው። “እናቴ፣ ይቀመጡ” አይለኝም? እናቴ! ያውም ፀጉሬን ቀለም በተቀባሁ በማግስቱ! ከዓመቱ ከግማሽ በላዩን እዚህ ያሳለፈ ሰው የዚህ አገር ነዋሪ ይባላል፣ ውጭ የሚያገኘውም ጭምር እዚህ ይቆጠርበታል ብሎ አስረዳን። ይኼን ስሰማ ማህሌት አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት። የለችም አልኩት! ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ብቅ ብላ፣ ወጡ ሳይበርድ የምትሄድ ጨካኝ ልጅ ናት አልኩት። ማህሌት በጠረጴዛው ሥር እግሬን ትረግጠኛለች። እኔ ደግሞ “ጨምሪበት” ያለችኝ መስሎኝ እንባ ጨመርኩበት።

ልጁ ወደ እሷ ዞረ። እሷ አቀርቅራ፣ መዋሸት አልፈልግም፣ ከዓመቱ የሚበዛውን እዚሁ አዲስ አበባ ነበርኩ አለች። ሳቅሁ። ድካም ነው፣ ናይሮቢ ለማለት ነው ብዬ አረምኩላት። እዚህ ስትሆኚስ የት ነው የምታርፊው ቢላት፣ በመስኮቱ አሳየችው፤ እዚያ ማዶ ያለው እንግዳ ማረፊያ።

ሳቄ የት እንደገባ እንጃ። ልጁ ነዋሪ ነሽ ብሎ ፈረደ፤ እኔ ግን የሱ ነገር ጠፍቶኛል። መንግሥት አገሬ ገብታለች ብሎ ሲያውቅ፣ ያሳደግኋት እኔ ናይሮቢ ናት ብዬ ስናፍቅ ከርሜያለሁ!

ያንን ማኪያቶ በመጨረሻ ጠጣሁት፤ አልጣፈጠኝም። ምን በደልኩሽ አልኳት። ምንም አልበደልሽኝም እትዬ፣ ግን አንቺ ዘንድ ስመጣ የምመጣው ለብሎኩ በሙሉ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። ገና ታክሲው ሲቆም ከበረንዳ ላይ እልል እላለሁ፤ ሻንጣዋ ሳይከፈት ቤቱ በጎረቤት ይሞላል። አንዷ ለልጇ ሥራ፣ አንዷ ለወንድሟ ሚስት፣ አንዷ ስልክ ትጠይቃታለች። እኔ መሃል ላይ ቆሜ አጨበጭባለሁ። አንድ ቀን እንኳ ደክሞሽ ይሆን ወይ ብያት አላውቅም። እሱ ነው እስከዛሬ የሚቆጨኝ።

እሁድ ነይ አልኳት፤ ማንም አይሰማም ብዬ ማልኩላት። አንድ ሰው ብቻ ከሰማ ወደ ማረፊያዬ እመለሳለሁ አለችኝ፤ ተስማማን።

እሁድ እውነትም መጣች፤ ሻንጣዋን ሁሉ ይዛ! ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ሶፋው ላይ እግሯን ዘረጋች። እኔ እልልታዬን ውጬ በጣቴ ጫፍ እሄዳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ለጎረቤቴ ለጥሩዬ ብቻ ነው የነገርኳት፤ እሱንም ደረጃው ላይ ቆማ ሰው እንዳይመጣ እንድትከለክልልኝ ብዬ ነው። ታዲያ ጥበቃ ያለ ሰው ይሆናል?

በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ማህሌት እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ጫማዋን አየች። ከበሩ ጀርባ ጥሩዬ በሹክሹክታ እንዲህ አለችኝ፦

“ክፈቺ፣ እኔ ነኝ! ለማንም አልነገርኩም፤ እነዚህ ሁሉ ሰው እንዳይመጣ አብረውኝ የሚጠብቁ ናቸው!”