ይሄ አይቆጠርም

በየቤተሰቡ ሞቱን በልኩ ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ለስፌት ብቻ ያቆየ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ቤቱ ጋሼ ነበሩ፤ የእናቴ ወንድም፣ ክቡርነታቸው ልብስ ሰፊው። መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ወረፋ ካዩ ይመለሳሉ። የተቋጠረ ክር አይፈቱም፤ በመቀስ ቀጭ!

ትምህርቴን አቋርጬ ሱቃቸው ውስጥ ቁልፍ ስተክል ስለኖርኩ፣ የዚያን ሞት ልክ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«ስሚ፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማሾለክ ያቃተኝ ቀን ለሐኪሙ ንገሪው። ወግቶ ይገላግለኝ። የሰው ሸክም አልሆንም። ቃል ግቢ!»

«ነፍስን የሰጠ ይወስዳታል፤ አንተ ምን ቤት ነህ?» ትላቸዋለች እናቴ። እሷ የተቋጠረ ክር ግማሽ ቀን ቁጭ ብላ የምትፈታ ናት።

«አንቺማ ለሞትም ወረፋ ትይዣለሽ!»

ምን ላድርግ፣ ቃል ገባሁ።

ዓይናቸው ደከመ። ክሩን እኔ ማሾለክ ጀመርኩ። ቃሌን አስቤ ፈራ ተባ ስል፣ «ዘንድሮ ቀዳዳውን አጥብበውታል፤ ይሄ አይቆጠርም» አሉ። ልኩ ተቀየረ፤ ሸሚዛቸውን መቆለፍ ሲያቅታቸው ሆነ። እሱም መጣ። «የፋብሪካ ቁልፍ ነው፤ አይቆጠርም።» ሾርባ በማንኪያ ሳጎርሳቸው አገጫቸው ላይ ሲወርድ፣ «ጨው የሌለውን ማን ይውጠዋል! አይቆጠርም።» ደንበኛ በወፈረ ቁጥር እንደሚለቀቅ የሱሪ ወገብ፣ ሞታቸውን በየዓመቱ አንድ አንድ ጣት እያሰፉ ሄዱ። ወረፋ የማትጠላው እናቴ በሞት ቀደመቻቸው።

የመጨረሻው ልክ ግን ቀልድ አልነበረበትም። ሐኪም ቤት ተኝተው እጄን ያዙና፣ «አንቺን ያላወቅሁሽ ቀን በቃ። ያን ቀን ሐኪሙ እግር ላይ ውደቂ» አሉኝ።

አንድ ጠዋት ሾርባ ይዤ ገባሁ። ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንቺ የማን ነሽ?»

ሳህኑን አስቀመጥኩ። የሐኪሙ ድምፅ ከኮሪደሩ ይሰማል። ለጋሼ ገብቼ ያጠፍኩት ቃል ኖሮ አያውቅም።

ጋሼ ጎንበስ ብለው የቀሚሴን ጫፍ ያዙ።

«የማንም ሁኚ፣ ጠርዝሽ ተተርትሯል። እንዲህ ሆነሽማ ከዚህ አትወጪም! ክርና መርፌ አምጪ!»

ከነርሷ ለምኜ አመጣሁ። ክሩን አሾለኩላቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሰፉልኝ፤ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ስፌት። ቀሚሱ ዛሬም አለኝ።

ሐኪሙ በበሩ ብቅ አለ። «ዛሬ እንዴት ናቸው?»

«አላወቁኝም» አልኩት። «ግን ይሄ አይቆጠርም።»