የዋርካው ደብር ወንድማማቾች

ተረት አለኝ፤ መሠረቱ ከእውነት፣ ጣሪያው ከቅጠል የሆነ።

ዶሮ ገና ወደ ሰው ቤት ባልገባችበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ፣ በአንድ ሐይቅ ዳር የእንስሳት መንደር ነበረ። ሐይቅ ማለት ይበዛበታል፤ ኩሬ እንበለው። ከዚህ ዳር ሆነው ሲያስነጥሱ ከማዶ «ይማርህ» የሚባልበት ዓይነት ኩሬ ነበር። መንደሩ ዙሪያውን በግራር እሾህ ታጥሯል። ከአጥሩ ውጭ አያ ጅቦ ይኖራል፤ አጥሩም የታጠረው ስለ እርሱ ነው። በመንደሩ መካከል አንድ ትልቅ ዋርካ ቆሟል። እንስሳቱ ማለዳ ማለዳ ከሥሩ ተሰብስበው ስለሚጸልዩ «የዋርካው ደብር» ይሉታል። የደብሩ አባት አባ ጉሬዛ ነበሩ። ጥቁሩን ቀሚስ ከነነጭ ካባው ፈጣሪ ራሱ አልብሶ ስለ ላካቸው፣ ለክህነታቸው ሌላ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም።

በዚህ መንደር ዘርፌ የምትባል ዝይ ትኖር ነበር። ባሏን አንድ ምሽት ከአጥሩ ውጭ አጥታዋለች፤ የቀራት አንድ ልጇ አምባዬ ብቻ ነው። አምባዬ ጎልምሶ በዋርካው ግርጌ የራሱን ጎጆ በሠራ በዓመቱ፣ ከኩሬው ማዶ ድልነሳ የሚባል ወንድ ዝይ መጣ፤ መጣና ቀረ። ሁለቱ አብረው ይዋኛሉ፤ አብረው ሣር ይነጫሉ፤ ሲመሽ አንዱ አንገቱን በሌላው ላይ ጥሎ ይተኛል። ዘርፌ እናት ናትና ነገሩን ከማንም በፊት ተረዳችው። ጥቂት ተከዘች። ጥቂት ማለት ትክክል አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ ተከዘች። ከዚያ አንድ ቀን ልጇ ሲስቅ ሰማች። ከሕፃንነቱ ወዲህ እንዲያ ስቆ አያውቅም ነበርና ትካዜዋን ተወችው።

ፍርሃቷ ግን አልተዋትም። አንድ ረፋድ ጎረቤቷ ዶሪት፣ የግራዝማች አውራ ዶሮ ሦስተኛ ሚስት፣ በጓሮ በኩል ብቅ አለች።

«እትዬ ዘርፌ፣ ያ ከአምባዬ ጋር ያለው መልከ መልካም ማነው?»

«ወንድሙ ነው» አለች ዘርፌ። ቃሉ ከአፏ እንዴት እንደ ወጣ እርሷም አላወቀችም።

«ውይ! ሌላ ልጅ አለሽ እንዴ?»

«ማዶ ያደገ ነው።»

«አይ አንቺ! ድብቅ ነሽ እኮ!» ብላ ዶሪት ሄደች፤ እስኪመሽም መንደሩ በሙሉ ሰማ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የመንደሩ እናቶች የሚደባደቡ ልጆቻቸውን «እስቲ እንደ አምባዬና እንደ ድልነሳ ሁኑ!» እያሉ ይቆጡ ጀመር። አባ ጉሬዛ በአንድ በዓል ስለ ወንድማማች ፍቅር ሰበኩ፤ ሲሰብኩም በጣታቸው ወደ ሁለቱ ጠቆሙ። ጎጆአቸው ገብተው ጠበል ረጩ፤ የቀረበላቸውን የበሰለ ሾላ አጣጥመውም «እንዲህ ሰላም ያለበት ቤት አላየሁም» አሉ። ዘርፌ ከኋላ ቆማ «አሜን» ትል ነበር፤ አሜኗ ግን ከጉሮሮዋ አያልፍም።

ነገሩን ያበላሸው ክፋት አይደለም፤ ደግነት ነው። ሽማግሌዎቹ «እነዚህን የመሰሉ ልጆች ሳይዳሩ እስከ መቼ?» ብለው ተጨነቁ። ሁለት እህትማማች ዳክዬዎች ታሰቡላቸው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዳስ ሊድሯቸው። በመንደሩ ልማድ ደግሞ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ፣ ከጋብቻ በፊት ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ቆጣሪው ጋሽ ዔሊ ነበሩ፤ ከሚቆጠሩት አያቶች አብዛኞቹን በአካል የሚያውቁ እርሳቸው ብቻ ናቸውና።

ጋሽ ዔሊ አምባዬን ጠርተው ዘሩን ቆጠሩ። በማግስቱ ድልነሳን ጠሩ፤ በማግስቱ አልኩ እንጂ፣ የጋሽ ዔሊ ማግስት ለሌላው ሳምንት ነው። ድልነሳ መዋሸት አያውቅም። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ቅድመ አያቱን ጠራ፤ ሁሉም የማዶ ተወላጆች ሆኑ። ጋሽ ዔሊ አንገታቸውን ወደ ድንጋያቸው አስገብተው ረጅም ጊዜ አሰቡ። ከዚያ አወጡትና፣

«ልጄ፣ በሰባት ቤት ውስጥ አንድ አያት እንኳ የማይገናኝ ወንድም በዕድሜዬ አላጋጠመኝም» አሉ።

እውነቱ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። «ወንድሙ ካልሆነ ታዲያ ምኑ ነው?» ተባለ። ለጥያቄው ያለው መልስ አንድ ብቻ ስለ ነበረ ሁሉም በአንድ ጊዜ አገኘው። ትናንት «አቤት ሲዋደዱ!» የተባለለት አንገት ለአንገት መደጋገፍ ዛሬ ነውር ሆነ። ግራዝማች አውራ ዶሮ ጉባኤ ጠሩ። ጉባኤው ክብደት እንዲኖረው ብለውም በሩን አስከፍተው አያ ጅቦን በክብር እንግድነት አስገቡት፤ በሥነ ምግባር ጉዳይ ጠንካራ አቋም አለው ሲባል ሰምተው ነበርና።

አያ ጅቦ ገላውን በአመድ አንጥቶ መጣ። ዋርካውን ተሳለመ። ዶሮዎቹ ቦታ ለቀቁለት፤ ለቀቁለት ማለቴ ሸሹለት ማለቴ ነው።

ግራዝማች በሚስቶቻቸው ፊት ቆመው ደረታቸውን ነፉና፣

«ትዳር ማለት አንድ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋር ነው!» ብለው ጮኹ።

«ከስንት?» አለች ዶሪት ከኋላ።

«ዝም በይ! መርሁን ነው የምናገረው!»

እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥላ የምትሄደው ወፍ ቀጠለች፤ «ልጆቻችን ከዚህ ምን ይማራሉ?» ብላ ተንሰቀሰቀች። ልጆቿን የት እንደምታውቃቸው የጠየቃት የለም። ደግሞ አንድ በግ ተነሥቶ «ይህ የእኛ ባህል አይደለም፤ ከኩሬው ማዶ የመጣ ነው!» አለ። ማዶው ከተቀመጡበት ይታይ ነበር፤ የበጉ አያትም የተቀበሩት እዚያው ነው።

በመጨረሻ አያ ጅቦ ተነሣ። ድምፁ ማር ነበር።

«ወገኖቼ፣ እኔ ጥላቻ የለኝም። እንዲያውም እወዳቸዋለሁ።» እዚህ ላይ እንባውን ጠረገ፤ እንባ ይመስል ነበር፣ ለሃጭ ነው። «ይገደሉ አላልኩም፤ እግዜር አያሳየኝ! ከአጥሩ ውጭ ይደሩ ነው የምለው፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ። ንስሐ እስኪገቡ እኔው ራሴ አጠገባቸው ሆኜ እጠብቃቸዋለሁ።»

«ምን ያለ ቸር ነው!» አለ በጉ።

የዘርፌ ላባ ቆመ። ከአጥሩ ውጭ ማደር ምን ማለት እንደ ሆነ በዚያ ጉባኤ ውስጥ እንደ እርሷ የሚያውቅ አልነበረም።

«እናትየዋ ትጠየቅ» አሉ ጋሽ ዔሊ። «ዘርፌ፣ ልጄ፣ ወንድሙ ነው ወይስ አይደለም? በዋርካው ፊት ተናገሪ።»

ዶሪት ተንፏቃ ቀረበቻትና በሹክሹክታ «የጡት ልጄ ነው በዪ! የጡት ልጅ ዘር አይቆጠርለትም» አለቻት። ዶሪት ሹክሹክታ አትችልም፤ ጉባኤው በሙሉ ሰማ።

«ዝይ ጡት የላትም» አሉ ጋሽ ዔሊ በጥሞና።

«ጋሼ ደግሞ! ለነገሩ ነው እንጂ!»

ጉባኤው አጉረመረመ። ብዙዎቹ ግን ያን ውሸት ቢሰጧቸው ደስ ብሏቸው ይውጡት ነበር። ዳሱ እንደታሰበው ይጣላል፤ ዳክዬዎቹ ይዳራሉ፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ዘርፌ ይህን ከፊታቸው አነበበች። አንዲት ቃል ብትናገር ልጇ በሕይወት እንደሚያድር አወቀች። ወደ አምባዬ ተመለከተች። ክንፉን ሰብስቦ ቆሟል። ድልነሳ ከጎኑ ነው፤ አንገቱን ሊያስጠጋ ይልና መልሶ ይሰበስበዋል። የእናቲቱን አንጀት የቆረጠው ያ መልሶ መሰብሰብ ነው።

«ወንድሙ አይደለም» አለች። «የልጄ የትዳር ጓደኛ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። የዋሸሁትም አያ ጅቦን ፈርቼ አይደለም፤ ለእርሱ አጥር አለን። የፈራሁት እናንተን ነው። ከእናንተ የሚከልላቸው አጥር ስለሌለኝ በውሸት አጠርኳቸው።»

ዘርፌ ቀና ብላ ወደ ዋርካው ቅርንጫፍ ተመለከተች።

«ለመሆኑ አባ፣ ስለ ፍቅር ሲሰብኩ ጣትዎ የጠቆመው ወደ ማን ነበር?»

አባ ጉሬዛ ጅራታቸውን እየዳበሱ ነበር። አባ ክፉ አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። ፈሪ ማለት ይከብዳል፤ ጠብ አይወዱም እንበል። የለም፣ ፈሪ ነበሩ።

«ጉዳዩ… ጥልቅ ነው… ሱባኤ ገብተን…» አሉ።

«ድምፅ ይሰጥ!» አሉ ግራዝማች። ክንፍ ያለው ክንፉን፣ እግር ያለው እግሩን አነሣ። ይውጡ ያለው ወገን በዛ።

የቀረው እሾሁን ማንሣት ነበር። በመንደሩ ሕግ መሠረት ከአጥሩ የሚባረር ቢኖር፣ «ይውጣ» ያለው ራሱ የበሩን እሾህ አንሥቶ ዓይን ዓይኑን እያየ ያሳልፈዋል።

«ጋሽ ዔሊ፣ እስቲ ይጀምሩ» ተባለ።

«እስክደርስ ይመሻል» አሉ ጋሽ ዔሊ።

«እኔ መንቁሬን ያመኛል» አሉ ግራዝማች።

«ሲጮሁ አላመመዎትም!» አለች ዶሪት።

በጉ እሾህ ጸጉሩን እንደሚይዘው አስረዳ። ሌሎቹም ድንገት መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

«ምን ችግር አለ፣ እኔ አለሁ!» አለ አያ ጅቦ፤ ተጣድፎም ወደ በሩ አመራ።

ያን ጊዜ አባ ጉሬዛ ከዋርካው ወረዱ። ጉሬዛ መሬት አይወድም፤ አባ መሬት ሲረግጡ ያየ በመንደሩ አልነበረም። እየተንቀጠቀጡ በጅቡ ጎን አለፉ፤ ቀድመውትም ሄደው እሾሁ ላይ ተቀመጡ።

«ዋይ!» አሉ፤ ወጋቸው። ግን አልተነሡም።

«አባ፣ ይነሡ እንጂ» አሉ ግራዝማች።

«አልነሣም! ጎጆአቸውን ጠበል የረጨሁት እኔ ነኝ። ያን ጠበል ጠብታ በጠብታ ለቅሞ ማሰሮዬ የሚመልስልኝ ካለ ይምጣ፤ ያኔ እነሣለሁ። ሰላም ያለበት ቤት ነው ብያለሁ፤ ያልኩትም ያየሁትን ነው። ዘራቸው ቢቆጠር የተለወጡት እነርሱ አይደሉም፤ እኛ ነን። ደግሞ እነርሱ ከወጡ እኔም አብሬ እወጣለሁ። ነገ ጠዋት ጸሎት የሚያደርስላችሁ አያ ጅቦ ይሆናል።»

እንስሳቱ ሁሉ ወደ አያ ጅቦ ዞሩ። ከጠዋት ጀምሮ ዝይዎቹ ላይ ሲያፈጡ ስለ ዋሉ፣ እርሱን አተኩሮ ያየው አልነበረም። ፀሐይ አዘቅዝቃለች። በሩ ተዘግቷል። ጅቡ ውስጥ ነው።

«ማነው… ያስገባው?» አለ በጉ በቀጭን ድምፅ።

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ጉዳዩ በሚገባ ተጠንቶ ለሌላ ቀን ይተላለፍ» አሉ።

«ሌላ ቀን የለም» አለች ዘርፌ። «ልጆቼ ዛሬ የት ነው የሚያድሩት?»

ዶሪት ከባሏ ጎን ተነሥታ ሄዳ ድልነሳ አጠገብ ቆመች። «የት ያድራሉ! ቤታቸው ነዋ!» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ ሞክራ፣ «ግን ልጄ፣ አትቆጣኝና፣ እንቁላሉን የሚጥለው ማነው?» አለችው።

«ማንም፣ እትዬ ዶሪት።»

«ታድላችሁ!» አለች ከልቧ።

መጀመሪያ የሳቁት ለሠርግ የታጩት ዳክዬዎች ናቸው፤ እነርሱንም እስከዚያች ሰዓት ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው አልነበረም። እየሳቁ ወደ ዘርፌ ተሻገሩ። በጉም ተከተለ። ጋሽ ዔሊ ጉዞ ጀመሩ፤ ሲደርሱ ነገሩ አልቆ ነበር፣ ሆኖም መነሣታቸው ተቆጠረላቸው። ሁሉም ግን አልመጣም። ያቺ እንቁላሏን ጥላ የምትሄደው ወፍ ፊቷን አዙራ ቀረች፤ ግራዝማችም «እኔ መርሄን አልቀይርም» እያሉ ብቻቸውን ቆሙ።

አባ ከእሾሁ ላይ ተነሡ። ድልነሳ የተሰካባቸውን እሾህ በመንቁሩ አንድ በአንድ ለቀመላቸው፤ ከዚያም ከአምባዬ ጋር ሆነው የበሩን እሾህ ከሁለት ወገን ይዘው አነሡት።

«አያ ጅቦ፣ መንገዱ ይኸው» አለ አምባዬ። ድልነሳም አንገቱን በአምባዬ አንገት ላይ ጣል አደረገ። ዘርፌ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ማንም ምንም አላለም።

አያ ጅቦ አመዱን አራግፎ ወጣ። ጥቂት ሄዶ ቆመ፤ የተቆጣ አይመስልም ነበር፣ የታዘበ እንጂ።

«ይህን አጥር ዕድሜ ልኬን ስዞረው ኖሬ አንዲት ቀዳዳ አላገኘሁበትም» አላቸው። «ዛሬ እናንተው ከፍታችሁ አስገባችሁኝ። ደግሞ ሌላ የምትጠሉት ስታገኙ ጥሩኝ፤ ሩቅ አልሄድም።»