የታሸገ ውሃ የሚጠጣው ሞተር

ብረትን ነጭ የሚያለብስ ውሃ ጥርስን ለምን ቡናማ ያደርገዋል? አንድ ውሃ እኮ ነው። ከአንድ ቦኖ የተቀዳ። ብረት ውስጥ ሲገባ ኖራ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ዝገት። ይሄን ጥያቄ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። መካኒክ ጠየቅኩ፣ ጎረቤት ጠየቅኩ፣ ባሌን ጠየቅኩ። ባሌማ ሳቀብኝ። እሱ ሲስቅ ደግሞ ጭንቀቴ ይብሳል።

ነገሩ የሞተር ነገር ይመስላል። የልጄ ነገር ነው። ሌንሳ ትባላለች፣ አንድ ለእናቷ ናት። የወተት ጥርሷ መነቃነቅ ጀምሯል። ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ወርውረን ነጭ ስጠን ብለን እንለምናለን። ግን የሚበቅለው ነጭ ይሆናል? እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ፈሪ ናት ትሉኝ ይሆናል። ነኝ። ልጅ ስታስል እፈራለሁ፣ ዝም ስትል ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። እናቴ "ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር" እያለች ነው ያሳደገችኝ። እስከ ዛሬ ገንፎ ስበላ በማንኪያ አገላብጬ ነው።

የምንኖረው ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ነው። ባሌ ገመቹ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ተወልዶ ያደገው በዚሁ ውሃ ነው። ጥርሱ በልዟል። ቡናማ ነው፣ መስመር መስመር ያለው። እኔ ደጋ ነው ያደግኩት፣ ደብረ ብርሃን። መጀመሪያ ገመቹን እናቴ ቤት ይዤው የሄድኩ ቀን፣ እናቴ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

"ልጄ፣ ጫት ነው ሲጋራ?" አለችኝ።

"ውሃ ነው እማዬ" አልኳት።

"አዬ! እሱን ነው ውሃ የምትሉት?" ብላ ደረቷን መታች። አረቄ መስሏት። እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላመነችኝም።

ገመቹ እዚህ ሐይቅ ዳር አንድ መዝናኛ ውስጥ ነው የሚሠራው። ሥራው ኳድ መንዳት ነው። ኳድ ላላያችሁ፣ ባለ አራት ጎማ ሞተር ነው፤ ጥጃ የሚያህል፣ መንገድ የማይለምን። አሸዋም፣ ጭቃም፣ እሾህም ይሄድበታል። ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች ይወጡበታል፣ ይጮኹበታል፣ ፎቶ ይነሱበታል። ቤታችን የሚበላው ከዚያ ሞተር ነው።

ይሄ እንጀራችን ታዲያ ትኩሳት ያዘው።

እነሱ ትኩሳት አይሉትም፣ "ሂት አደረገ" ነው የሚሉት። ቀይ መብራት ይበራል፣ ሆዱ ይንጎራጎራል፣ ከዚያ እንደ ማንቆርቆሪያ ይፈላል። እኔ እንኳ መጀመሪያ ብዙም አልገረመኝ። የኛ ምድር ራሱ ሂት ያደረገ አይደል? ሶደሬ ሂዱ እስቲ፤ ማንም ሳይለኩስለት ውሃው ይፈላል። እዚሁ ሐይቃችን ዳርም ከመሬት የሚንተከተክ ፍል ውሃ አለ። ፈጣሪ ይሄን ስምጥ ሸለቆ ሲሠራ ራዲያተር የረሳ ይመስለኛል። ይቅር ይበለኝ። ራዲያተር ማለት የሞተሩ ውሃ እየዞረ የሚበርድበት፣ ፊት ለፊት ያለው ወንፊት መሳይ ነገር ነው። ይኸው፣ ሳልወድ መካኒክ ሆንኩላችሁ።

ሰው ሲታመም ሁሉም ሐኪም ነው። ሞተር ሲታመምማ ተዉት።

መጀመሪያ የመጡት ኦቦ ዋቆ ናቸው። የመዝናኛው ጥበቃ ናቸው፣ የተከበሩ ሽማግሌ። ሞተሩን እንደሚገዛ በሬ ዞር ዞር ብለው አዩትና "ጭቃ ነው" አሉ። "አፍንጫውን ደፍናችሁት በምን ይተንፍስ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ወንፊቱ በጭቃና በሣር ተደፍኗል። ገመቹ ሮጦ ቤት ገባና ተመልሶ በቀስታ ይፈገፍገው ጀመር። እንዴት ያለ ጠንቃቃ ባል አለኝ ብዬ ጠጋ ስል፣ እጁ ላይ የያዘው ነገር ሮዝ ነው። የሌንሳ የጥርስ ብሩሽ!

"ምን እየሠራህ ነው አንተ?" አልኩት።

"ስስ ነው እኮ ሃዳ ሌንሳ፣ በወፍራም ብሩሽ ይጣመማል" አለኝ። ሃዳ ሌንሳ በኦሮምኛ የሌንሳ እናት ማለት ነው። ጥፋት ላይ ሲያዝ ነው እንዲህ የሚያቆላምጠኝ።

ሞተሩ ጥርሱን ተፋቀ። ግን ፈላ።

ቀጥሎ የተጠረጠረው ራዲያተሩን የሚያራግበው ፋን ነው። ገመቹ ሽቦ ስቦ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ቢያገናኘው ፋኑ ሽው ብሎ ዞረ፤ የሐይቁን ዳር አቧራ በሙሉ ዓይናችን ውስጥ ሞጀረው። ፋኑ ጤነኛ ነው፣ እኛ ታወርን። ከዚያ እንግዳ ይዞ የመጣ አንድ ሹፌር "ቴርሞስታቱን አውጡት" አለ። የውሃውን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ነገር ነው አሉ። "ለብርድ አገር የተሠራ ነው፤ ላንጋኖ ምን በር ያስፈልገዋል?" አለ። አወጡት። ሞተሩ ፈላ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይሄ ነው።

በፈላ ቁጥር ታዲያ ውሃ እንጨምርለታለን። ከቦኖ በጀሪካን አምጥተን። ይጠጣል፣ ይፈላል፣ ይተፋል፣ ደግሞ ይጠጣል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለሞተርም ይሠራል ለካ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ገመቹ "ልሞክረው" አለና ሌንሳን ከፊቱ አስቀመጣት። አይሆንም አልኩ። "እስከ ግራር ዛፏ ደርሰን ነው የምንመለሰው" አለ። ሌንሳ ደግሞ መሪውን ይዛ ትስቃለች። ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ እጄ አረፋ እንደለበሰ ቆሜ ዓይኔን ሳልነቅል አያቸዋለሁ። ሄዱ፣ አነሱ፣ ግራሯ ሥር ደረሱ። እዚያ ሞተሩ ቀጥ አለ።

ነጭ እንፋሎት ሲወጣ አየሁ። ገመቹ ወረደ። ሌንሳን አወረዳት። ከዚያ ሸሚዙን አወለቀ። ሙቀት ይሆናል አልኩ። እሱ ግን ሸሚዙን እጁ ላይ ጠቀለለው። ያኔ ገባኝ። የሚፈላውን ራዲያተር ክዳን ሊከፍት ነው። ሌንሳ አጠገቡ አንገቷን አስግጋ ቆማለች። ቤት ድስት ስከፍት ምን እንደተሠራ ለማየት እንደምታደርገው።

ሮጥኩ። ጫማዬ የት እንደቀረ አላውቅም። "ገመቹ! እንዳትከፍተው! ልጄን!" እያልኩ ነው። ንፋሱ ከነሱ ወደኔ ነው፤ ድምፄን ቀምቶ ወደ ኋላዬ ይወስደዋል። ኦቦ ዋቆ ከኋላዬ "ሂን በኒን! ሂን በኒን!" ይላሉ። አትክፈት ማለታቸው ነው። ገመቹ አይሰማም። ጎንበስ አለ። እኔ እሮጣለሁ፣ ሜዳው አያልቅም። ሜዳ ሲረዝም እንደዚያ ቀን አላየሁም።

ሌንሳ ግን ዞር አለች። የሰማችኝ ይሁን ያየችኝ አላውቅም። ስሮጥ አይታኝ የማታውቅ ልጅ ጨዋታ መሰላት መሰለኝ፣ እጇን ዘርግታ ወደኔ መጣች። ትንሽ ራቅ እንዳለች ክዳኑ ከገመቹ እጅ ተፈናጥሮ ወደ ግራሯ ወጣ። ከሥሩ የፈላ ውሃ ተከትሎት ወጣ። ቆማበት የነበረው ቦታ ላይ ወረደ። አሸዋው ጨሰ።

ገመቹ ክንዱ ትንሽ ቀላ እንጂ ተረፈ። ሌንሳ ከእቅፌ ሆና ዞር ብላ አየችና "እማ፣ ሞተሩን አስመለሰው!" አለች። ኦቦ ዋቆ ሳቁ። ገመቹም ሊስቅ ነበር፣ ፊቴን ሲያይ ተወው። እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። "ወይ ይሄ ሞተር አዳማ መካኒክ ቤት ይሄዳል፣ ወይ እኔ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት እሄዳለሁ" አልኩት። እናቴ ስለ ጥርሱ የምታስበውን ያውቃል። አዳማን መረጠ።

በፒካፕ ጭነነው ሄድን። እኔም ሌንሳን ይዤ ተከተልኩ። ባልና ሞተር ብቻቸውን ይላካሉ እንዴ?

መካኒኩ ሰፊ ቱታ የለበሰ፣ ሰው የሚወድ ሰውዬ ነው። ገና ከሩቅ አይቶ "ይሄማ ጋስኬቱ ተቃጥሎ ነው፤ ሞተሩ መከፈት አለበት" አለ። ጋስኬት የሞተሩ የውስጥ ማሸጊያ ነው አሉ። ገመቹ ፊቱ አመድ ሆነ። ሞተር ተከፈተ ማለት ለኛ ሰው ለኦፕራሲዮን ተኛ ማለት ነው፤ መነሳቱን እንጃ። ከዚያ መካኒኩ አንዱን የውሃ ጎማ ነቅሎ ወደ መሬት ሲያራግፈው፣ ቀርፍ ቀርፍ ያለ ነጭ ነገር ረገፈ።  ሌላውን ነቀለ። ከዚያም ረገፈ። ጣቱን አስገብቶ ቢሞክር የውሃው መንገድ ጠቦ ጠቦ የእርሳስ ቀዳዳ አክሏል።

"ምንድን ነው የምታጠጡት?" አለ።

"ውሃ ነዋ" አለ ገመቹ። "የቦኖ።"

"ይሄ ውሃ አይደለም ወንድሜ፣ የሚጠጣ ድንጋይ ነው።"

ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ አሉ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ አንዷን ቅርፊት አነሳሁ። አወቅኳት። የኔ ማንቆርቆሪያ ሥር ያለችው ናት። ልጄን በሽታ እንዳይነካብኝ ብዬ በየጠዋቱ ውሃ የማፈላበት ማንቆርቆሪያ። በማንኪያ እየፋቅኩ የምጥላት። 

መካኒኩ አቼቶ አምጥቶ ሞተሩ ውስጥ ጨመረ። ሰላጣ ላይ የምናደርገውን አቼቶ! ቆይቶ ሲለቀው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ወጣ። ደጋግሞ አጠበው። ቴርሞስታቱንም መልሶ ገጠመ፤ "ብርድ አገር ያላችሁ ማነው?" ብሎ ተቆጣ። በመጨረሻ አረንጓዴውን የራዲያተር ፈሳሽ ሞላና ጣቱን ቀስሮ አስጠነቀቀን። "ከእንግዲህ መጨመር ካስፈለገ የታሸገ ውሃ ብቻ። የቦኖ እንዳታስነኩት። ሞተር እኮ ነው፣ ውስጡ ስስ ነው" አለ።

"ልጅስ?" አልኩት።

"ምን?"

"ልጅስ ውስጧ ስስ አይደለም?"

ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱን አየሁት። በልዟል።

"ያንተን ጥርስ እንዲህ ያደረገው ይሄ ነጩ ነው?" አልኩት። ገመቹ በክርኑ ጎሸመኝ። መካኒኩ አፉን ገጠመና ራሱን አከከ። "እሱ እንኳ ሌላ ነው ይላሉ" አለ። "የማይታይ ነገር ነው አሉ ውሃው ውስጥ ያለው።"

"ሲፈላ ይጠፋል?"

"እኔ የማውቀው ራዲያተር ነው እናቴ።"

እስቲ አሁን እንዴት ልተኛ? የሚታየው ድንጋይ ማንቆርቆሪያው ሥር ቀረ እንበል። የማይታየውስ? ውሃው ሲፈላ ይቀንሳል፤ እሱ ካልወጣ ደግሞ ይወፍራል ማለት አይደል? ታዲያ ለልጄ ሳፈላ የኖርኩት ምን ነበር?

የመዝናኛው ባለቤት ወዲያው የታሸገ ውሃ በካርቶን አስመጡ። "የሞተሩ ነው፣ ማንም እንዳይነካው" አሉ። መዝናኛው ጋ ቢቀመጥ እንግዳ ይጠጣዋል ተብሎ እኛ አልጋ ሥር ገባ። ሌንሳ አየችው።

"እማ፣ ይሄ የማን ነው?"

"የሞተሩ።"

"ለምን?"

"ውስጡ እንዳይበላሽ።"

ኩባያዋን አየች። እኔ ያፈላሁት የቦኖ ውሃ ነው ያለው።  ያቺን የምትነቃነቅ ጥርሷን በምላሷ ገፋ ገፋ አደረገቻትና ጠጣች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ማታ እራት ላይ ለገመቹ ነገርኩት። "ይሄን ውሃ ጠጥቼ አይደል ያደግኩት? ምን ሆንኩ?" አለኝና አፉን ሞልቶ ሳቀ። መልሱን ራሱ አሳየኝ። እሱ ግን አላየውም።

ስለዚህ እኔ መላ አበጀሁ። ገመቹ ለሞተሩ መጨመሪያ ኳዱ ላይ ይዞት የሚወጣውን የውሃ ፕላስቲክ የምሞላው እኔ ነኝ። የታሸገውን ለሌንሳ እቀዳለሁ፣ ፕላስቲኩን ባፈላሁት የቦኖ ውሃ እሞላለሁ። አጥልዬ ነው፣ በንጹሕ ነጠላ። ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ እሰጠዋለሁ። ሌንሳ ትጠጣለች። ሞተሩም ይጠጣል። ሁሉም ሰላም ነበር።

ትናንት ከሥራ ሲመለስ ግን "ሃዳ ሌንሳ፣ ያቺ ቀይ መብራት ብልጭ አለችብኝ" አለኝ።

 "ጭቃ ይሆናል" አልኩት።

"ይሆናል" አለ። "የሌንሳ ብሩሽ የት አለ?"

አሁን እናንተ ፍረዱኝ። ብነግረው ውሃው ለሞተሩ ብቻ ይሆናል፤ በየቀኑ እንዳንገዛላት አቅማችን አይችልም፣ ልጄ ወደ ማንቆርቆሪያው ትመለሳለች። ዝም ብል ሞተሩ ይፈላል፤ ያን ነጭ እንፋሎት ደግሞ አይቼዋለሁ። ጥርሷ በአንድ ክር ብቻ ተንጠልጥላለች፤ ዛሬ ነገ ትወልቃለች። በዚህ ስምጥ ሸለቆ ልጅ የምታሳድጉ እናቶች፣ እናንተ ምን ታጠጣላችሁ? የዝናብ ውሃ ነው? ሌላ የማላውቀው መላ አለ? ምከሩኝ።

ብቻ ምክራችሁን ከመስጠታችሁ በፊት አንዴ ፈገግ በሉልኝ።