የአያ ሰቦቃ ወስፌ

ከሰው ሁሉ የሚያስፈራው ማን ነው ቢሉኝ፣ ወንበዴ አልልም፤ ድግምተኛም አልልም። የሚያስፈራው ሰው ቤት ገብቶ፣ ገና "ቤት ለእንግዳ" ሳይባል፣ ቀና ብሎ ጣራውን የሚያይ ሰው ነው። እግዜር ለየአገሩ አንድ አንድ ሰጥቷል። ያየውን የሚናገር፣ ያላየውን ቆፍሮ የሚያይ፣ የባለቤቱን ፊት ትቶ የግድግዳውን ፊት የሚያነብ።

ከየካ ሚካኤል እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ላለነው የደረሱን አያ ሰቦቃ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ እኔ ግን በልቤ "ሊቀ መርማሪ ዘግድግዳ ወምሰሶ" ብያቸዋለሁ። ሌላው ሽማግሌ ጭራ ይይዛል፤ እሳቸው ወስፌ ይይዛሉ፣ ሴቶች ስፌት የሚሰፉበትን ያን ሹል ብረት። ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው እንዳለ ሽታው ይደርሳቸዋል። ይመጣሉ። ምሰሶ ይወጋሉ፣ ግድግዳ ያንኳኳሉ፣ ጆሯቸውን ለጥፈው ምስጥ ያደምጣሉ፣ ከምርጉም ቆንጥረው ይቀምሳሉ። ጭድ ያነሰው ጭቃ በምላስ ይታወቃል ይላሉ። እኔም አንድ ቀን ቀመስሁ፤ ያወቅሁት ጭቃ መሆኑን ብቻ ነው።

ሻጭ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት እጃቸውን ያነሳሉ፤ "ሻጩ ዝም ይበል፣ ቤቱ ይናገር።" ገዢ ሲቸኩል ደግሞ በኦሮምኛቸው "ሱታ፣ ሱታ" ይሉታል፤ ቀስ፣ ቀስ።

በበጋ ቤት የሚገዛ ሰው ያሳዝናቸዋል። "በሚያዝያ ቤት ሁሉ ጨዋ ነው፤ ጠባዩን የምታየው በሐምሌ ነው" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንድ ጭፍራ እሳቸውን "ሂድ ወዲያ፣ አሟርተኛ" ብሎ በሚያዝያ የገዛው ቤት፣ በሰኔ አጋማሽ ጣራው ጎረቤት አጥር ላይ አደረ። ሰውየው አፍሮ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ። አያ ሰቦቃ ግን ተከትለውት ሄደው፣ አዲሱን ክዳን ሲከድን ሣሩን አቀበሉት። "ነግሬህ አልነበረም?" አላሉትም። ሣሩ አጭር ነው ብለው ግን ሦስት ጊዜ አስፈትተውታል።

ለቅሶ ቤት እንኳ አይምሩም። ከበበ የሚባል ወዳጃቸው የሞተ ጊዜ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። "ወይኔ ከበበ! ወይኔ ጓዴ!" ሕዝቡ አብሮ አለቀሰ። ቀና አሉ። ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ሚስቲቱ ጠጋ ብለው፣ "ይቺ ወራጅ ተሰንጥቃለች የኔ እመቤት፣ ከሰባቱ በፊት አሳስሪያት" አሉና፣ "ወይኔ ከበበ!" ብለው ከተዉበት ቀጠሉ።

ሰው የሚቀየማቸው ግን በዚህ አይደለም። አገራችን ቤት ሲሸጥ አስቀድሞ ገዢው ይጋበዛል። የበላ አፍ ደግሞ ቤት አያማም። የሰው እንጀራ ቆርሰህ፣ ጠላውን ጠጥተህ፣ "ግድግዳህ ገፍቷል" ብትል ነውረኛ ነህ፤ ልጆችህ ሳይቀሩ ይሰደቡበታል። አያ ሰቦቃ ይህን ስለሚያውቁ ቤቱ ተመርምሮ ሳያልቅ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ሻጭ ይለምናል፣ ይምላል፣ በሚካኤል ይላል። እሳቸው "ጾም ላይ ነኝ" ይላሉ። በፋሲካ ማግስት እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ።

እኔ አካሉ ግን በልቼ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በለጡን ወደድሁ። የየካው የአቶ ነገሳ ልጅ ናት። አባቷ ስለ እሷ የዘፈንሁትን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ቃል ብቻ መለሱ፤ "ልጄ ሰው ጓሮ ተጠግታ አትኖርም። ለጥምቀት የራስህ ቤት ካለህ በጥር ሠርግ ነው። ከሌለህ ሌላ ጠያቂ ደጄ ላይ አለ።" ይህን ሲሉኝ ኅዳር ሊያልቅ ነው። ያለኝ ሀብት ከአባቴ የወረስኋት አንዲት በቅሎ ነበረች።

በዚያን ዓመት ጌቶቹ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ሜዳ መውረድ ማብዛታቸው ነበርና ዳገት ላይ ያለው ቤት ሁሉ ሻጭ በሻጭ ሆነ። ከኪዳነ ምሕረት በታች፣ ዓምደ ሚካኤል የሚባል ደግ ፊት ያለው ሰው ቤቱን በበቅሎ ሊለውጠኝ ጠራኝ። ሄድሁ። ወይ ያ ቤት! ምርጉ ገና አዲስ ነው፤ በነጭ አፈር ተለቅልቋል። መሬቱ ላይ ለምለም ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል። ከደጃፉ ሲቆሙ የካ እስከ ታች ድረስ ይታያል፤ የእነ በለጡ ጢስ ሳይቀር። በሩን ሲዘጉት በሣር ክዳኑ መሐል ብርሃን እየሾለከ እንደ ኮከብ ያበራል። በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ እንዲህ አልሁ፤

ከዳገቱ በላይ ከደመናው በታች፣
አንዲት ጎጆ አየሁ ተኩላ የወጣች።

ዓምደ ሚካኤል ዓይኑ እንባ ሞላ። "ወንድሜ፣ ይህን ቤት ለሌላ ሰው ብሸጠው ኃጢአት ነው" አለኝ። በማግስቱ በሽማግሌ ፊት በቅሎዬን ላስረክብ ተስማማን።

አክስቴ አባይነሽ ስነግራት አላዘነችም፣ አልሳቀችም። ነጠላዋን ደርባ ወጣች። በማግስቱ ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ አንድ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው ዳገቱን ሲወጣ አየሁት። እጁ ላይ ወስፌ አለ።

"ግጥምህን ሰማሁት" አሉኝ አያ ሰቦቃ።

"ወደዱት?"

"ጎጆይቱ ተኩላ ነው የወጣችው አልህ። የተኳለች ዓይን አንዳንዴ የታመመች ናት። እስቲ እንያት።"

ዓምደ ሚካኤል ደጁ ላይ ሲያገኛቸው ፊቱ ወየበ፤ ቢሆንም ጨዋ ነው። "ይግቡ አያ ሰቦቃ! የተልባ ወጥ አለ፣ የጾም ነው፣ ትንሽ ይቅመሱ።"

"ጾም ላይ ነኝ።"

"እኮ የጾም ነው!"

"እኔ ከወጡም ጭምር ነው የምጾመው።"

ገቡ። በሩን ዘግተው ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለሉ። እኔም አጠገባቸው ተንጋለልሁ። "ኮከቦቹን ያያሉ አያ?" አልኋቸው በሹክሹክታ።

"አያለሁ። አሥራ አንድ ናቸው። እነዚያ ኮከቦች በሐምሌ አፍንጫህ ላይ ይወርዳሉ።"

ተነሡ። አንኳኩ፣ አደመጡ፣ ቀመሱ። የበሩን መቃን በእጃቸው ለኩ። የቤቱን ዙሪያ ሁለቴ ዞሩ። ከዚያ እኔ በሕልሜም የማላደርገውን አደረጉ። የሰው ቄጤማ፣ ለክብር የተጎዘጎዘ ቄጤማ፣ በእግራቸው ገለጡ። ሽማግሌዎቹ ደርሰው ነበርና "ኧረ ነውር ነው!" አሉ። ከሥሩ ያለው መሬት ጠቁሯል። በታኅሣሥ፣ ዝናብ ከቆመ ከሁለት ወር በኋላ፣ እርጥብ ነው።

"ንጉሥ ይሙት!" አለ ዓምደ ሚካኤል። "አንድ ጠብታ ገብቶብን አያውቅም!"

"ስለ ጠብታ ማን አነሳ?" አሉ አያ ሰቦቃ። "አካሉ፣ ሁለት እንስራ ውሃ አምጣ።"

አመጣሁ። ከቤቱ ጀርባ፣ ዳገቱ በኩል አስፈሰሱኝ። ውሃው ትንሽ አመነታ። ከዚያ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው በግድግዳው ሥር ገባ፣ ወለሉን አቋረጠና ምሰሶው እግር ሥር ደርሶ ቆመ።

አያ ሰቦቃ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ዓምደ ሚካኤልንም አልሰደቡትም። ወደ እኔ ዞረው እንደ ንስሐ አባት ነገሩኝ። "ጉድለት ሁሉ አንድ አይደለም ልጄ። የሚያሳፍር አለ፣ የሚያሳስል አለ፣ የሚገድል አለ። በሩ ጠማማ ነው፤ ያ ያሳፍራል እንጂ ምንም አይልህም። ክዳኑ ሳስቷል፤ ያ ያሳስላችኋል፤ አንድ ሳምንት ሣር ብታጭድ ይድናል። ግድግዳው ደህና ነው፤ የሠራው ሰው እጁ ይባረክ። ምሰሶው ግን ብሳና ነው፤ ቶሎ የሚበሰብስ እንጨት። ብሳናም ሆኖ እግሩ ውሃ ውስጥ ነው የቆመው። አዲሱ ምርግ የተመረገው ይህ እንዳይታይ ነው።" ከዚያ ወደ ሻጩ ዞሩ። "ምሰሶውን በጥድ ወይም በወይራ ለውጥ፤ ከላይ በኩል የውሃ መሄጃ ቆፍር፤ ይግዛህ።"

"እንጨት ከዚህ ተራራ ላይ ካለቀ ስንት ጊዜው! እኔ ነገ ወደ ሜዳው ወራጅ ነኝ" አለ ዓምደ ሚካኤል። "እንዳለ ይግዛ፤ ካልፈለገ ሌላ ገዢ አለ። አካሉ፣ ትናንት በዚህ ቤት እንጀራ በልተሃል፤ ምን ትላለህ?"

ምን እላለሁ? እንጀራውን በልቻለሁ። ጥምቀት አንድ ወር ቀርቶታል። ከደጃፉ የእነ በለጡ ጢስ ይታየኛል። ንዴቴ ሁሉ ሽማግሌው ላይ ወጣ። "አንቱ እንጨት እንጂ ፍቅር አያውቁም! ሰው የወደደውን ቤት በወስፌ ይወጋል?"

አያ ሰቦቃ አልተቆጡም። "ፍቅርህን መቼ ነካሁት? እሱ የሚጠለልበትን ነው ያየሁት" አሉና ወስፌውን መዳፌ ላይ አኖሩት። "እኔን አትመን። አንተ ራስህ ውጋው።"

ተንበረከክሁ። ከምሰሶው እግር ምርጉን ገለጥ አድርጌ ወጋሁት። የበሰለ ዱባ የወጋሁ ያህል ወስፌው እስከ እጄ ድረስ ገባ። ስመዘው የሸተተኝ ሽታ እስካሁን አለ። በዚያች ቅጽበት ቤቱን አላየሁም። ያየሁት በለጡን ነው፤ በነሐሴ ጎርፍ፣ ከዚያ ምሰሶ ሥር እንቅልፍ ወስዷት።

"በቅሎዬን አልለውጥም" አልሁ። ነውሩን ዋጥሁና፣ የበላሁበትን ቤት በሽማግሌ ፊት አማሁ። ዓምደ ሚካኤል ፊቱን አዞረ።

ቁልቁል ስንወርድ አልቅሻለሁ። የካ ስንደርስ አያ ሰቦቃ ወደ ቤታቸው በሚያስኬደው ሳይሆን ወደ አቶ ነገሳ ደጅ በሚወስደው መንገድ ታጠፉ።

አቶ ነገሳ አጥራቸው ሥር ተቀምጠው ነበር። በለጡ ከበሩ ኋላ ነች፤ የጥለቷ ጫፍ ይታያል። አያ ሰቦቃ የሆነውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ፤ ጊዜ እንዲሰጠኝም ለመኑ።

አቶ ነገሳ ሲስቁ ጊዜ ደንግጬ ቀና አልሁ። "ሰቦቃ፣ አንተ የሰውን ቤት ሁሉ ስታፈርስ ኖረህ ዛሬ ስለ ሰው ቆምህ? እሺ፤ ይህን ልጅስ መረመርኸው?"

"መርምሬዋለሁ።"

ጥለቷ መወዛወዟን ተወች።

"በል ተናገራ።"

አያ ሰቦቃ ከጥምጥሜ እስከ እግሬ ቀስ ብለው አዩኝ። "ጣራው ያፈሳል" አሉ። "ጥዋት ግጥም፣ ማታ ዜማ። ቀዳዳ አይቶ ኮከብ ነው ይላል። ደግ ፊት ያየው ሁሉ ይገባበታል፤ በሩ አይገጥምም። ይህን ሁሉ ልጅህ እየወጣች ስትከድነው ትኖራለች።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ምሰሶውስ?" አሉ አቶ ነገሳ።

"ነፍሱ የወደደችውን ቤት በገዛ እጁ ወጋው። የበሰበሰ መሆኑን ባየ ጊዜ እያለቀሰ ትቶት መጣ። ስለ ራሱ ቢሆን በገዛው ነበር፤ አውቀዋለሁ። ስለ እሷ ነው የተወው። እኔ በዚህ ተራራ ላይ ስንት ባለ ማዕረግ ይህ ሲያቅተው አይቻለሁ።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ወይራ ነው፣ ነገሳ። ደረቅ ወይራ።"

እኔም በልቤ እንዲህ ገጠምሁ፤

ያመሰገነኝማ ሰው መቼ ጠፋና፣
ጉድለቴን ነገረኝ እሱ ወደደና።

አቶ ነገሳ "እስከ ዳግም ትንሣኤ" አሉ። ከበሩ ኋላ አንድ ሳቅ ሰማሁ፤ ወዲያው በእጅ የታፈነ።

በመጋቢት የካ ሚካኤል ግድም አንድ ቤት አገኘን። ዝቅ ያለ፣ መልከ ጥፉ፣ ከደጃፉ የጎረቤት አጥር እንጂ ምንም የማይታይበት። አያ ሰቦቃ ሁለት ቀን መረመሩት። የሚያሳፍር አሥራ ሦስት፣ የሚያሳስል አራት፣ የሚገድል ምንም አላገኙበትም። በቅሎዬን ሰጠሁ። በግንቦት በለጡ ገባች።

የሠርጉ ዕለት ጉልበታቸውን ስሜ ላመሰግናቸው ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝ። "ምስጋናህን አቆየው" አሉ። "ክረምቱን እንይ።"

ክረምቱ መጣ። በሐምሌ እርጥብ ቡሉኳቸውን ለብሰው መጡ፤ ግድግዳውን አደመጡ፣ ምሰሶውን ወጉ፣ በለጡን "ያስልሻል?" ብለው ጠየቁ። ምስጋናዬን ላቀርብ ስል "ገና ነው፤ መጪውን እንይ" አሉኝ። መጪውም መጣ፤ ያንኑ አሉ። ዘንድሮ ሦስተኛችን ነው። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ወደ እኛ ሲመጡ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። ዛሬ ጥዋት መጥተው፣ ሁሉን አይተው፣ ምንም እንከን ሲያጡ ቅር እያላቸው ወስፌያቸውን ሸጎጡ።

"አያ፣ አሁንስ ላመስግንዎ?" አልኋቸው።

"ሱታ፣ ሱታ" አሉ። "ከርሞን እንይ።"

እኔም ደስ አለኝ። ለከርሞም ሊመጡ ነዋ።